ሦስት መዝገብ፣ አንድ ድርጅት

ሐዋሳ ላይ የራሳቸውን ድርጅት ለጀመሩ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ቦታ አለ። በዚህ ከተማ ስብሰባ ሲጠራ የፊተኛው ረድፍ ለምን እንደሚፈራ እስካሁን አልገባኝም።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ባለአክሲዮኖች ችግር ላይ ባለ ትንሽ ጀማሪ ድርጅት እምነት የሚያጡት ለምን እንደሆነ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነው። የትናንሽ ድርጅቶችን መዝገብ እሠራለሁ። ታዲያ መዝገቡን ይዞ የሚመጣ ሰው ጭቅጭቁንም ይዞ ይመጣል። የሒሳብ ሠራተኛ ቢሮ ያልሰማው የቤተሰብ ጠብ የለም።

ብዙ ሰው መልሱ ቀላል ይመስለዋል። ድርጅቱ ከከሰረ ባለአክሲዮኑ ይከፋዋል፣ ካተረፈ ደስ ይለዋል። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ ከስሮ ባለአክሲዮኖቹ ተጨማሪ ብር ያዋጡለት ድርጅት አውቃለሁ። አትርፎ ፍርድ ቤት የቆመም አውቃለሁ። የመጀመሪያው ለሁሉም ሰው የሚያሳየው አንድ መዝገብ ነበረው። ሁለተኛው ሦስት ነበረው።

ወደ መዝገቡ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሰዎቹን እንይ።

የሐዋሳ ትንሽ ድርጅት ባለአክሲዮን ማን ነው? የመሥራቹ አክስት ናት። የዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛው ነው። ከአረብ አገር ያጠራቀመችውን ይዛ የተመለሰች የጎረቤት ልጅ ናት። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንዱ ዕቁብ ደርሶት ነው የገባው፣ ሌላው ባጃጁን ሸጦ። ከእነዚህ ውስጥ የንግድ ዕቅዱን ያነበበ ካለ እኔ አላገኘሁትም። ሁሉም ገንዘባቸውን የሰጡት ሰው አይተው ነው። «የእንትና ልጅ እኮ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ አይዋሽም» ተባብለው ነው።

ይሄ በጎ ነገር ነው። ባንክ መያዣ በሚጠይቅበት አገር፣ ያለ መያዣ ገንዘብ የሚሰጥህ የሚያውቅህ ሰው ብቻ ነው። ግን ዋጋ አለው። ሰው አይቶ የገባ፣ ሰውዬውን ሲጠራጠር ከሥር ነው የሚናደው። የሚይዘው ሌላ ነገር የለማ! ዕቅዱን አላነበበ፣ ገበያውን አያውቅ። የያዘው አንተን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ በሩ ነው። በትልቅ ገበያ ባለአክሲዮን ካልተመቸው ይሸጣል፣ ይወጣል፣ ይረሳዋል። እኛ አገርም የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ተበስሯል። ይሄ በአብዛኛው ለባንኮችና ለትልልቆቹ ነው። እናንተ አብዛኞቻችሁ ያቋቋማችሁት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ይህ ዓይነቱ ማኅበር ዝቅተኛ ካፒታሉ 15,000 ብር ነው፤ አባላቱ ከ50 አይበልጡም። ሰው በልማድ «ሼር አለኝ» ይላል እንጂ ያለው ድርሻ ነው፤ ለፈለገው የውጭ ሰው በፈለገው ቀን አይሸጠውም። የሌሎቹ አባላት ፈቃድ ያስፈልጋል። ቢፈቅዱለትስ ማን ይገዛዋል? ችግር ላይ ያለ ድርጅት ድርሻ ፒያሳ ዞረህ የምትሸጠው ነገር አይደለም።

ስለዚህ ያልተመቸው ባለአክሲዮን መውጣት አይችልም። ውስጥ ነው የሚቆየው። መውጣት ያቃተው ሰው ደግሞ ማጣራት ይጀምራል። ስልክ ይደውላል። መጋዘኑ ደጃፍ ያልፋል። ሹፌሩን ማኪያቶ ይጋብዛል። መሥራቹ ይህን ሲሰማ «ይሰልሉኛል» ብሎ ይቆጣል፣ የባሰ ይደብቃል። ሁለቱም ወገን ልክ ይመስለዋል።

አሁን ወደ መዝገቡ።

የመጀመሪያው መዝገብ ለገቢዎች ነው። እዚህ መዝገብ ላይ ድርጅታችሁ ምስኪን ነው። ሽያጩ ጥቂት፣ ወጪው ብዙ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ድርጅት ከትርፉ 30 በመቶ ግብር ይከፍላል። ትርፍ ይታይ ካልን ከእያንዳንዱ ሚሊዮን 300,000 ብር ይወጣል። ስለዚህ ሰው ትርፉን ያከስማል። ትክክል ነው እያልኩ አይደለም፣ ወንጀል ነው። ግን ይደረጋል፣ ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለተኛው ለባንክ ነው። ብድር ሲፈለግ ያው ምስኪን ድርጅት በአንድ ሌሊት ሀብታም ይሆናል። ሽያጩ ያድጋል፣ የሚቀጥለው ዓመት ትንበያ ደግሞ ጣራ ይነካል።

ሦስተኛው መሥራቹ ስልክ ላይ ነው። ማስታወሻ ላይ የተጻፈ፣ ግማሹ በራሱ ብቻ በሚገባው አጻጻፍ። እውነቱ እዚህ ነው ያለው። ባለአክሲዮን ሲጠይቅ ከሦስቱ አንዱ እንደ ቀኑ ሁኔታ ተመርጦ ይነገረዋል። የትርፍ ድርሻ ሲጠይቅ የገቢዎቹ፣ ተጨማሪ ገንዘብ እንዲያዋጣ ሲፈለግ የባንኩ።

ሐዋሳ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። ባንኩ ውስጥ የሚሠራው ልጅ የአንዱ ባለአክሲዮን የእህት ልጅ ነው። አንድ ቀን ባለአክሲዮኑ ለባንክ የገባውን ወረቀት ያያል። «ትርፍ» ይላል። እሱ የተነገረው ኪሳራ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስተኛውን፣ እውነተኛውን መዝገብ አውጥታችሁ ፊቱ ብትዘረጉለትም አያምናችሁም። በምን ይለየው? ሦስቱም የእናንተ እጅ ጽሑፍ ናቸው። ሰው ማጣራት ሲያቅተው የሚያምነው የከፋውን ነው።

እዚህ ላይ ለመሥራቾች የማዝንበት አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ መዝገብ የሚበላሸው በተንኮል ሳይሆን በወረቀት እጦት ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ሂዱ። ዓሣ ከአሥጋሪ ገዝቶ ለሆቴልና ለአዲስ አበባ የሚያከፋፍል ድርጅት እናስብ። ቆሮሶና አምባዛ የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው። አሥጋሪው ደረሰኝ አይቆርጥም። በረዶ የሚሸጠው አይቆርጥም። ጫኝና አውራጁም አይቆርጥም። ዓመቱ ሲያልቅ፣ ሰኔ 30 ሲዘጋ፣ ልጁ ወደ እኔ የሚመጣው በፌስታል ነው። ፌስታሉ ውስጥ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ሞልቷል። «ቆሮሶ 40 ኪሎ ተከፍሏል» ይላል አንዱ። ማን ሸጠው? በስንት? መቼ? አይልም። የዓሣ ቅርፊት የተጣበቀበትም አለ።

እኔ ይሄን የት ላግባው? «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ ይገባል። ሪፖርቱ ሲወጣ ልዩ ልዩ ወጪው ከደመወዙ በልጦ ይታያል። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ያያሉ። «ይሄ ልዩ ልዩ ምንድነው?» ይላሉ። ልጁ «ዓሣ ነው ጋሼ» ይላል። ዓሣ የሚነግድ ድርጅት ዓሣው እንዴት ልዩ ልዩ ይሆናል? ልጁ አንድ ብር አልነካም። ወረቀቱ ላይ ግን ሌባ ይመስላል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነበር። ባለሦስት ቅጂ ፓድ አሳትም፣ በየቀኑ ስም፣ ስልክ፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ ፊርማ። ማታ በስልክ ፎቶ አንሳው። ገቢዎች የትኛውን ወጪ በምን ሰነድ እንደሚቀበል በጊዜ ጠይቁ፣ እሱ የራሱ ሕግ አለው። ባለአክሲዮን ግን እንዲህ ያለውን ወረቀት አይቶ «ሰረቅክ» አይልም።

የሚቀጥለው የመሥራቹና የድርጅቱ ኪስ መቀላቀል ነው። ይሄ እኛ ጋ ብቻ ያለ ችግር አይደለም። ዊወርክ የሚባለውን የአሜሪካ ድርጅት ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ቢሮ በረጅም ውል ይከራያል፣ ከፋፍሎ ያከራያል። በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ 47 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ሰነዱን ይፋ ሲያደርግ ሰው ቁጭ ብሎ አነበበው። መሥራቹ አዳም ኒውማን ድርሻ ያለውን ሕንፃ ለራሱ ድርጅት ያከራይ ነበር። «ዊ» የሚለውን ስም ደግሞ ድርጅቱ በ5.9 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል፤ የስሙ ባለቤት መሥራቹ ከነሸሪኮቹ የያዙት ሌላ ድርጅት ነበር። ክፍያው ተመለሰ፣ ግን አልዳነም። መስከረም ሳያልቅ እሱ ከሥራ አስኪያጅነት ወረደ፣ ሽያጩም ተሰረዘ። ድርጅቱ ብዙ ሲከስር እንደቆየ ባለሀብቶቹ ያውቁ ነበር። ግርግሩን ካስነሱት ነገሮች ውስጥ ግን ኪራዩና ስሙ ነበሩበት።

የእኛው ሰው ደግሞ በልኩ ያደርገዋል። የእናቱን ሰርቪስ ቤት ለድርጅቱ መጋዘን ያከራያል። ኪራዩ ከአካባቢው ዋጋ ያነሰ ሊሆን ይችላል፣ እናቱ ውለታ እየዋሉ ይሆናል። ግን ለማንም አልተነገረም፣ ስለዚህ ሲታወቅ ስርቆት ይሆናል። የድርጅቱ ፒክአፕ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚዜ ሲጭን ይታያል። ባለአክሲዮኑም ሠርጉ ላይ ተጋብዟል! ቁጭ ብሎ ቁርጡን እየበላ ነዳጁን ያሰላል።

በዚህ ጉዳይ የማልስማማበት አንድ ልማድ አለ። «እኔ ደመወዝ አልወስድም፣ ለድርጅቱ መስዋዕት ሆኛለሁ» የሚል መሥራች። ጥሩ ይመስላል። ግን ልጆች አሉህ፣ ቤት ኪራይ ትከፍላለህ። ታዲያ ከምን ትበላለህ? ከካዝናው «ለጊዜው» ትወስዳለህ። ለጊዜው የተወሰደ ብር ተመልሶ ሲገባ ብዙ ጊዜ አላየሁም። ደመወዝህን በቃለ ጉባኤ አስወስን፣ ትንሽም ብትሆን በግልጽ ውሰዳት።

አሁን ደግሞ ስለ ሰበብ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ አለፈ። ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ፣ ወይም ካስመጣ ሰው የሚገዛ ትንሽ ድርጅት ሁሉ ተመታ። ይሄ እውነተኛ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊትም ይህች ከተማ ሌላ አይታለች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከተማው ሁሉ በእሱ ዙሪያ ዕቅድ አወጣ፤ ቤት የሚያከራይ፣ ሠራተኛ የሚያመላልስ፣ ምግብ የሚያቀርብ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ዕቃዋን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንድትልክ ያስችላት ከነበረው ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ስትወጣ ያ ዕቅድ ሁሉ ተናጋ።

በእንዲህ ያለ ምክንያት የከሰረ ሰው ባለአክሲዮኖቹን በአብዛኛው አያጣም። እነሱም እዚሁ ይኖራሉ፣ ያዩታል። ችግሩ ምክንያቱ ሲደጋገም ነው። ዶላር ሳይጨምር የወጣውም ወጪ «ዶላር ነው» ከተባለ፣ የአገር ውስጥ ቦሎቄ የሚነግድ ሰው «ዶላር ነው» ካለ፣ ሰሚው እውነተኛውንም አብሮ ይጥለዋል። ድርጅታችሁ ላይ የደረሰውን ለሁለት ክፈሉት፦ ይሄ ከውጭ የመጣብን ነው፣ ይሄ ደግሞ እኛ ያበላሸነው ነው። ሁለተኛው ክፍል ባዶ የሆነበት ሪፖርት ማንም አያምንም።

ስለ ዝምታ አንድ ነገር ላሳያችሁ። የድርጅቱን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ ወደ ላይ ሂዱ። መጀመሪያ ሰሞን መሥራቹ በየቀኑ ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያው ማሽን ፎቶ፣ የመጀመሪያው ደንበኛ፣ ሠራተኛው ቲሸርት ለብሶ። «አብረን እናድጋለን!» የእሳት ምልክት፣ የእጅ ምልክት። ከዚያ በሳምንት አንዴ። ከዚያ በወር። ከዚያ የቀረው ምንድነው? እንኳን አደረሳችሁ። የመስቀል ፖስተር፣ የገና ፖስተር፣ የኢድ ፖስተር፣ የፊቼ ጫምባላላ ፖስተር፣ የድርጅቱ ሎጎ ከታች ተለጥፎ። በመካከል መምህሩ «ልጄ፣ ስብሰባው መቼ ነው?» ብለው ጽፈዋል። ሁሉም አይቶታል። የመለሰ የለም። ቀጥሎ ያለው መልእክት የፋሲካ ፖስተር ነው።

እኚህ መምህር በኋላ ቢሮዬ መጥተው ነበር፣ ልጁም ነበረ። ተቆጥተው አልነበረም የመጡት። «እኔ ገንዘቤን አልጠየቅኩህም፣ ስልክ አንሳ ነው ያልኩህ» አሉት። ልጁ «ጋሼ፣ ምን ብዬ ላንሳው? የምነግርዎት ጥሩ ነገር አልነበረኝም» አለ። ለብዙ መሥራች ዝምታ ጊዜ መግዣ ይመስለዋል። ስልኩን ያላነሳህለት ሰው ግን ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም፣ ለሌላው ይደውላል።

መጥፎ ዜና እንዴት ይነገራል ለሚለው አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። አማዞን በ2000 እ.ኤ.አ. ክፉ ዓመት አሳለፈ። ጄፍ ቤዞስ ለባለአክሲዮኖቹ የጻፈው ደብዳቤ የሚጀምረው «ውይ!» በሚል ነው። ቀጥሎ፣ ያለፈውን ዓመት ደብዳቤ ከጻፈ ወዲህ የአክሲዮኑ ዋጋ ከ80 በመቶ በላይ መውረዱን ይናገራል። መግቢያ የለ፣ ማለሳለሻ የለ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ደንበኛ ብዛትና ስለ ሽያጭ የሚያወራው። አማዞን በሩብ ዓመት ደረጃ የመጀመሪያውን የተጣራ ትርፍ ያገኘው በ2001 መጨረሻ ነው፣ እሱም 5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ። እያንዳንዱ ግልጽ ሰው አማዞን ይሆናል አልልም፤ ግልጽ ሆነውም የጠፉ ሞልተዋል። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉ። እኛ ሪፖርት ስንጽፍ ሁለት ገጽ ስለ ራዕይና ተልዕኮ፣ አንድ ገጽ ስለ ተገኘ የምስክር ወረቀት፣ ኪሳራው መጨረሻ ገጽ ላይ «ያጋጠሙ ተግዳሮቶች» ከሚለው ሥር። ባለአክሲዮን ደግሞ ልምድ አለው፣ ከመጨረሻው ገጽ ነው የሚጀምረው።

ባለአክሲዮኖችንም ሳልነካ አላልፍም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት እንዳላችሁ አይቻለሁ። ድርሻ ገዝታችሁ በስድስተኛው ወር «የትርፍ ድርሻ መቼ ነው?» ትላላችሁ። አክሲዮን ዕቁብ አይደለም፣ ተራ አይወጣለትም። አንዳንዱ መሥራች ይሄን ጭቅጭቅ ለመሸሽ ሲል ያላተረፈውን ትርፍ ይከፍላል። ከየት አምጥቶ? ከራሳችሁ ካፒታል፣ ወይም ትናንት ከገባው አዲስ ባለአክሲዮን ገንዘብ። ሕጉ የትርፍ ድርሻ ከትርፍ ብቻ እንዲከፈል ነው የሚለው። ያን ቀን ግን ሁሉም ይደሰታል፣ በግ ይታረዳል። ያተረፈ የማይመስል ድርጅት በመጀመሪያው ዓመት ጠቀም ያለ ገንዘብ ሲያከፋፍል ካያችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት የሒሳብ ሚዛኑን ጠይቁ።

የገባችሁበትንም ሰነድ አንብቡ። የመመሥረቻ ጽሑፉን ሳያነብ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ የሚፈርም ሰው ብዛቱ ይገርማል። በኋላ «አዲስ አባል ሲገባ ድርሻዬ ለምን አነሰ?» ይላል። ሰነዱ ላይ አለ እኮ። መሥራቾችም ብትሆኑ፣ አዲስ ሰው በርካሽ ስታስገቡ ነባሮቹ ከመፈረማቸው በፊት ይወቁ። በተለይ አዲሱ ሰው የባለቤታችሁ ወንድም ከሆነ።

ጥያቄ ላይ አንዲት ልጅ እንዲህ ብላ ነበር፦ «እውነቱን ስነግራቸው ሁሉም ገንዘቤን መልሺልኝ ቢሉኝስ?»

ይላሉ። አትጠራጠሪ። ግን ድርሻ ብድር አይደለም፤ ከድርጅቱ ካፒታል ላይ ተነስተሽ ለአንዱ አክስት ብቻ መመለስ አትችይም። ሕጉ ለዕዳ ጠያቂዎችም ያስባል። ይሄን በትህትና፣ በሒሳብ ሠራተኛ ወይም በጠበቃ አፍ እንዲነገር አድርጊ። በእውነት የቸገረው ሰው ካለ፣ ሌሎቹ አባላት ድርሻውን እንዲገዙት ጠይቂ፤ ዋጋውን አንቺ አትቁረጪ፣ የውጭ ሰው ይተምን። የቀሩት ጮኸው ሲያበቁ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ካዝናው ውስጥ ያለው ገንዘብ ስንት ወር ያቆየናል? ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ይሄን አስልተሽ፣ በአንድ ገጽ ጽፈሽ፣ ለሁሉም እኩል አባዝተሽ ግቢ። ያው ገጽ ለገቢዎችም ለባንክም ከምታቀርቢው ጋር መግጠም አለበት።

ሌላ ልጅ ደግሞ «ለኦዲተር የምንከፍለው የለንም» አለ። ይገባኛል፣ እኔም በነጻ አልሠራም። ለጊዜው ከባለአክሲዮኖቹ አንዱ በየወሩ መጥቶ የባንክ ስቴትመንቱንና የካዝናውን ጥሬ ገንዘብ ይቁጠር፣ ይፈርም፣ ግሩፑ ላይ ይለጥፍ። ሰው ስትመርጡ ግን በጣም የሚጨቃጨቀውን ምረጡ። የሚወዳችሁ ሰው ቆጥሮ ልክ ነው ቢል የሚያምነው የለም።